ሁለት ጊዜ የበደልኳት ተማሪዬ

ሰሞኑን አንዲት ወጣት «ጋሼ፣ ፌሚኒስት ከሆንኩ ሴትና ወንድ ልዩነት የላቸውም ብዬ ማመን አለብኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። ቶሎ መመለስ አቃተኝ። አንዲት የድሮ ተማሪዬ ፊቴ ላይ መጣችብኝ።

ሥነ ልቦና ማስተማር የጀመርኩ ሰሞን ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ኮልበርግ የሰው የሥነ ምግባር አስተሳሰብ የት ደረጃ እንደደረሰ ለመለካት የተጠቀመበትን ታዋቂ ጥያቄ ለክፍሉ አቀረብኩ። የሰውየው ሚስት ልትሞት ነው። መድኃኒቱን የሠራው ሰው ዋጋውን ሰቅሎታል፤ ባልየው ያን ያህል ገንዘብ የለውም። ይስረቅ ወይስ አይስረቅ? ወንዶቹ ስለ ሕይወትና ስለ ንብረት መብት ተከራከሩ። እሷ ግን «ሰርቆ ቢታሰርስ ማን ያስታምማታል? መጀመሪያ ቁጭ ብለው ይነጋገሩ እንጂ» አለች። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ። ከዚያ በኮልበርግ መለኪያ መሠረት ዝቅ ያለ ደረጃ ሰጠኋት። እስከ ተርሙ መጨረሻ እጇን አላወጣችም። ከሰጠኋት ማርክ ይልቅ ያቺ ፈገግታዬ ዛሬም ታሳፍረኛለች።

ኮልበርግ መለኪያውን ሲሠራ መጀመሪያ ያጠናው ወንዶች ልጆችን ብቻ ነበር። ይህን አውቅ ነበር፤ ግን ልብ አላልኩትም። እናንተ ስለ ሴትና ወንድ ጥናት ስትሰሙ መለኪያው በማን ላይ እንደተሠራ ጠይቁ። ዛሬ ዛሬ ብዙዎቻችሁ ጎራ ከመረጣችሁ በኋላ ነው የምታነቡት፤ ይህ ያሳስበኛል።

አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ካሮል ጊሊጋን እ.ኤ.አ. በ1982 ይህንኑ ጉድለት አንስታ ጻፈች። ለሰው መጨነቅን የሚያስቀድም መልስ የተለየ እንጂ ያነሰ አይደለም አለች። ሳነበው ደነገጥኩ። ከዓመታት በኋላ ተማሪዬን አገኘኋትና ይቅርታ ጠየቅኳት። «ያኔ የመለስሽው በሴት ድምፅ ነበር» አልኳት። የካስኳት መስሎኝ ነበር።

ፊቷ ተለወጠ። «መምህር፣ ሴት ስለሆንኩ አይደለም። እናቴን አስታምሜ ስለማውቅ ነው» አለችኝ።

ለዚህ ነው ጊሊጋንን ሌሎች ፌሚኒስቶች አጥብቀው የተቹት። እንክብካቤን የሴት ተፈጥሮ ካደረግነው ሸክሙም የሴት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ፈረንሳዊቷ ፈላስፋ ሲሞን ደ ቦቯርም እ.ኤ.አ. በ1949 ሰው ሴት ሆኖ እንደማይወለድ፣ ሴት እንደሚሆን ጽፋለች። እኔ ወደዚህ አደላለሁ። ግን እርግዝናና ወሊድ አስተሳሰብ ብቻ አይደሉም፤ ሥራ ቦታ ይህን ልዩነት ካልቆጠረ እናትየዋ ትጎዳለች። ስለዚህ ልጄ፣ ልዩነት የለም ብለሽ እንድታምኚ የሚያስገድድሽ የለም። ፌሚኒስቶቹም በዚህ አልተስማሙም።

ተማሪዬን ያን ቀን ተሰናብቻት ሄድኩ። እናቷ ስትታመም ወንድሞቿ የት እንደነበሩ አልጠየቅኳትም።