የስታዲየም በር ፍተሻና የግል ሕይወት መብት፦ ከአንባቢያን ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ ነው። ጨዋታ ለማየት ስታዲየም ስገባ ጥበቃው ከብብቴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ በእጁ ዳሰሰኝ። ምንም ሳላጠፋ እንዲህ መፈተሼ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም?

መልስ፦ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አራተኛ ማሻሻያ ማንኛውም ሰው በአካሉ፣ በቤቱ፣ በሰነዶቹና በንብረቱ ላይ ያለ በቂ ምክንያት እንዳይፈተሽ ይጠብቀዋል፤ ሆኖም ይህ ድንጋጌ የሚያስረው መንግሥትን እንጂ የግል ድርጅትን አይደለም። ስለዚህ አስቀድሞ መጣራት ያለበት ፍተሻውን ያዘዘው ወይም ያካሄደው ማን እንደሆነ ነው።

በዚህ ረገድ ብዙ ያከራከረው የፍሎሪዳዋ የታምፓ ከተማ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ እ.ኤ.አ. በ2005 ተመልካቾች ሁሉ በእጅ እንዲፈተሹ ሲያዝ፣ የዓመት ትኬት የገዙ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር የታምፓን ስታዲየም የሚያስተዳድረውን የሕዝብ ተቋም ከሰሱ። ፍተሻው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለጊዜው ቢታገድም፣ የአሥራ አንደኛው ወረዳ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2007 እግዱን አነሣ፤ ምክንያቱም መምህሩ ፍተሻ መኖሩን እያወቁ ወደ በሩ በመምጣታቸው ፈቅደዋል የሚል ነበር። እኔ በዚህ ምክንያት አልስማማም። መምህሩ የትኬታቸው ገንዘብ ይመለስላቸው እንደሆነ ቡድኑን ጠይቀው እንደማይመለስ ተነግሯቸው ነበር፤ ገንዘቡ አስቀድሞ ከተወሰደበት ሰው የሚገኝ እሺታ ሙሉ ፈቃድ ነው ለማለት ይከብደኛል። የሚገርመው ይኸው ፍርድ ቤት በ2004 የጆርጂያዋ የኮለምበስ ከተማ ለተቃውሞ ሰልፍ የሚመጡትን ሰዎች በሙሉ በብረት መመርመሪያ ማሳለፏ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ወስኖ ነበር።

ጥያቄ፦ ስታዲየሙንም ጨዋታውንም የሚመራው የግል ክለብ ከሆነ እንግዲያው ምንም መብት የለንም ማለት ነው?

መልስ፦ የምትኖሩበትን ግዛት ሕገ መንግሥት ተመልከቱ። የካሊፎርኒያ ሕገ መንግሥት ከ1972 ጀምሮ የግል ሕይወት መብትን በግልጽ የጻፈ ሲሆን፣ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መብቱ የግል ድርጅቶችንም እንደሚያስር በ1994 ወስኗል። የሳን ፍራንሲስኮው የአሜሪካ ፉትቦል ክለብ የፎርቲናይነርስ የዓመት ትኬት ደንበኞች በእጅ ፍተሻው ላይ ያቀረቡትን ክስ የሥር ፍርድ ቤቶች ውድቅ ቢያደርጉትም፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2009 ክሱ እንዲቀጥል መልሶታል። ፍተሻው ሕገ ወጥ ነው አላለም፤ ክለቡ ፍተሻው ለምን እንዳስፈለገውና ምን ያህል ተገቢ እንደሆነ ያስረዳ አለ እንጂ። ተመልካች ከዚህ በላይ መጠየቅ የለበትም፣ ከዚህ ባነሰም መርካት የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ጥበቃው ስልኬን ከፍቼ እንዳሳየው ቢጠይቀኝስ?

መልስ፦ እንቢ ይበሉ። ወደ ውስጥ እንዳይገቡ ሊከለክልዎት ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን በእጅ የሚደረገው ፍተሻ የሚፈልገው የጦር መሣሪያና ፈንጂ ነው፣ የስልክዎ መልእክት ውስጥ ደግሞ ሁለቱም የሉም። ፖሊስ እንኳ በቁጥጥር ሥር ያዋለውን ሰው ስልክ ለመበርበር የፍርድ ቤት ማዘዣ እንደሚያስፈልገው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 ወስኗል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ስታዲየም በር ላይም እንፈተሻለን። የኢትዮጵያ ሕግ ምን ይላል?

መልስ፦ የኢ.ፌ.ዲ.ሪ. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የሰውን ሰውነትና ንብረት ከመመርመር ይጠብቃል። መብቱ ሊገደብ የሚችለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና በዝርዝር ሕግ ሲሆን፣ ዓላማውም የሀገር ደኅንነትን፣ የሕዝብን ሰላም፣ ወንጀል መከላከልንና የመሳሰሉትን ለመጠበቅ መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2015 ፓሪስ ውስጥ ከስታድ ደ ፍራንስ ውጭ ሦስት አጥፍቶ ጠፊዎች ራሳቸውን ማፈንዳታቸውን ለሚያስታውስ ሰው የበር ጥበቃ አስፈላጊነት አያከራክርም። ጥያቄዬ «በዝርዝር ሕግ» የሚለው ቃል ላይ ነው፤ ፈታሹ በየትኛው ሕግ እንደሚፈትሽና እስከ ምን ድረስ መሄድ እንደሚችል የትኬቱ ባለቤት ማወቅ ይገባዋል።

ጥያቄ፦ እኛ የምንኖርበት የአሜሪካ ከተማ ውስጥ የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር አዘጋጆች ነን። ባለፈው ጊዜ አንዲት እናት ነጠላቸውን በወንድ ጥበቃ ፊት እንዲያወርዱ ተደርገው አዝነው ተመለሱ። ምን እናድርግ?

መልስ፦ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋችን አንቀጽ 32 በወንጀል ተጠርጥሮ የተያዘ ሰው እንኳ በተመሳሳይ ፆታ ሰው እንዲፈተሽ ያዛል፤ ጨዋታ ለማየት የመጡ እናት ከተጠርጣሪ ያነሰ ክብር ሊሰጣቸው አይገባም። ከጥበቃ ድርጅቱ ጋር በምትፈራረሙት ውል ውስጥ ሴት ፈታሾች በየበሩ እንዲመደቡ፣ ነጠላም ሆነ ሒጃብ ማውለቅ ካስፈለገ በተከለለ ቦታ እንዲሆን አስገቡ። ፍተሻ መኖሩን ትኬቱ ከመሸጡ በፊት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አስታውቁ፤ በር ላይ ደርሶ አልፈተሽም ላለ ሰው ገንዘቡን ወዲያውኑ መልሱለት። እኚያን እናት ደግሞ ከኮሚቴው ሁለት ሰዎች ቤታቸው ድረስ ሄዳችሁ ይቅርታ ጠይቋቸው።