ከአዲስ አበባ ወደ ሐይቅ ለሚወርዱ፦ የጀልባ ጥያቄና መልስ

ከፒያሳ፣ ከካዛንቺስ፣ ከቦሌና ከመርካቶ አካባቢ የመጡትን ጥያቄዎች እንዳመጣጣቸው እንመልሳለን። ሰዓቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ (ካዛንቺስ)፦ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ገጥመን ላንጋኖ ወረድን። ሻጩ ስድስት ሰው ይዞ ይበራል ብሎን ነበር። አራት ሆነን እንኳን አፍንጫውን ሰቅሎ ይንፏቀቃል። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ሞተሩ ደህና ነው፤ የሳሳው አየሩ ነው። ማንኛውም ቤንዚን የሚያቃጥል ሞተር ከባሕር ወለል በላይ በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። ላንጋኖ ወደ 1,585 ሜትር ነው፤ 16 በመቶ ሄደ ማለት ነው። 40 ያላችሁት እዚያ 34 እንኳን አይሞላም። ጣና ላይ 18 በመቶ ገደማ ይቀነሳል።

የጠፋውን ጉልበት መመለስ አይቻልም፤ የቀረውን በደንብ መጠቀም ግን ይቻላል። ፕሮፔለሩ ላይ ሁለት ቁጥር ተቀርጿል። የመጀመሪያው ስፋቱ ነው፤ ሁለተኛው ፒቹ፣ ማለትም በአንድ ዙር ወደፊት ሊገፋ የሚገባው ርቀት በኢንች ነው። ለባሕር ጠረፍ ተብሎ የመጣ ፕሮፔለር ለእኛ ሐይቆች ፒቹ ይበዛል። መኪና ዳገት ላይ በአራተኛ ማርሽ እንደመነሳት ነው።

ሁልጊዜ የምትይዙትን ሰውና ዕቃ ጫኑ፣ ጋዙን እስከ መጨረሻ ስጡና የዙር መቁጠሪያውን አንብቡ። የሞተሩ መጽሐፍ ለምሳሌ ከ5,000 እስከ 6,000 ካለና የእናንተ 4,700 ላይ ከቆመ፣ ፒቹን በሁለት ኢንች ቀንሱ። አንድ ኢንች ሲቀነስ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ይጨምራል፤ 13 የነበረው 11 ይሆናል። ሞተሩ ባለ ካርቡሬተር ከሆነ ዋናውን ጂግለር፣ ማለትም ነዳጁን የምትመጥነውን ቀዳዳ፣ በአንድ ቁጥር ማሳነስም ያስፈልግ ይሆናል። ካንዴላው ጥቁርና እርጥብ ሆኖ ከወጣ ነዳጅ በዝቶበታል። በኤሌክትሮኒክስ ነዳጅ የሚረጨው ሞተር ድብልቁን ራሱ ያስተካክላል፤ ጉልበቱ ግን እሱም ላይ ይቀንሳል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን በነጻ የሚሠራውን ሞክሩ፤ ባትሪውንና የነዳጅ ጋኑን ከኋላ አንስታችሁ ወደ መሃል አምጡ። አፍንጫው ሰማይ የሚያየው ብዙ ጊዜ ክብደቱ ሁሉ ከሞተሩ ጎን ስለተከመረ ነው።

ያው ጠያቂ፦ በዚያው ፕሮፔለር ጫሞ ብንወርድስ?

መልስ፦ ጫሞ 1,100 ሜትር ገደማ ስለሆነ ጉልበቱ ትንሽ ይመለሳል። ዙሩ ከተፈቀደው ጣሪያ እንዳያልፍ ጋዙን ቀንሱ። የድሮውን ፕሮፔለር አትሽጡት።

ጥያቄ (ስድስት ኪሎ)፦ ጋሼ፣ ሞተሩ አንድ ጊዜ ሲጎተት ይነሳል፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ግን ይጠፋል። ትንሽ ካረፈ ደግሞ ይነሳል። ሁለት መካኒክ ካንዴላ ለውጦለታል።

መልስ፦ ካንዴላው አልበደለም። ከነዳጅ ጋኑ ክዳን ላይ ያለችውን ትንሿን የአየር ብሎን ፍታት፤ መኪና ላይ ሲጫን ቤንዚን እንዳይፈስ ተጠብቃ ረስተዋታል። አየር ካልገባ ነዳጁ ሲሳብ ጋኑ ውስጥ ባዶ ግፊት ይፈጠርና ፓምፑ መሳብ ያቅተዋል። ሲያርፍ አየር በቀስታ ሾልኮ ስለሚገባ እንደገና ይነሳል።

እሷ ክፍት ከሆነች የነዳጅ ቱቦው ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ፣ ያቺን እንቁላል የምትመስለውን ጎማ ተመልከት። ሞተሩ ሊጠፋ ሲል ጎማዋ ወደ ውስጥ ከተጣበቀች፣ ከእሷ በፊት የተዘጋ ነገር አለ፤ የጋኑ ፊልትሮ ወይም የተጣጠፈ ቱቦ ነው። ለስልሳ ከቀረችና ስትጨመቅም የማትጠነክር ከሆነ አየር እየሳበች ነው፤ የቱቦውን ማሰሪያዎችና የመሰኪያውን ላስቲክ ቀለበት ፈትሽ። ሊጠፋ ሲል በእጅህ ስትጨምቃት ሞተሩ ነፍስ ከዘራ፣ ችግሩ ሞተሩ ላይ ያለው የነዳጅ ፓምፕ ውስጥ ያለው ስስ ላስቲክ ነው። ቱቦና ማሰሪያ ከሶማሌ ተራ አይጠፋም፤ ብቻ ቤንዚን የሚችል ቱቦ ብለህ ጠይቅ፤ የውሃ ቱቦ በወራት ውስጥ ይሟሟል።

ጥያቄ (መርካቶ)፦ ለባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይቱ ስንት ነው? የሞተር ሳይክል ዘይት ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም። የሞተር ሳይክሉ በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር የተሠራ ነው፤ በውሃ በሚቀዘቅዘው ላይ አመድ ያስቀራል። ጣሳው ላይ ቲሲ-ደብልዩ3 (TC-W3) የሚል ይፈልጉ። የብዙዎቹ ልክ 50 ለ1 ነው፤ በሊትር 20 ሚሊ፣ ለ20 ሊትር ጄሪካን 400 ሚሊ። አዲስ ሞተር በመጀመሪያዎቹ 10 ሰዓታት 25 ለ1 ይፈልጋል፤ ማለትም እጥፉን። መጀመሪያ ጥቂት ቤንዚን፣ ከዚያ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ጨምረው ይወዝውዙ፤ ቀሪውን ቤንዚን ከዚያ ይሙሉ። ብዙ ማደያ በጄሪካን አልቀዳም ስለሚል ይህን ጉዳይ ከጉዞው በፊት ባለው ቀን ይጨርሱት።

ጥያቄ (ቦሌ)፦ በአየር የምትነፋ ጀልባ አለችን። ጊዜ ለመቆጠብ ቤት ነፍተን በመኪና ጣሪያ ብንወስዳትስ?

መልስ፦ ለንፋሱም ለትራፊክ ፖሊሱም ባይመችም፣ ዋናው ምክንያት ሌላ ነው። አዲስ አበባ ከላንጋኖ በ750 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ታች የውጩ የአየር ግፊት በ0.07 ባር ገደማ ይጨምራል። የእነዚህ ጀልባዎች ቱቦ ብዙውን ጊዜ 0.25 ባር ነው የሚፈልገው። ቤት 0.25 ሞልታችሁ የወጣችሁት ላንጋኖ ስትደርሱ ወደ 0.18 ይወርዳል። የለሰለሰች ጀልባ ደግሞ መሃሏ ይታጠፋል፤ ሞተሩ ሲገፋ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ ስፌቱም ይለፋል።

ስለዚህ ዳር ላይ ንፉ፤ ከዚያ ውሃ ላይ አስቀምጣችሁ 15 ደቂቃ ጠብቁ። ውሃው አየሩን ስለሚያቀዘቅዘው ትለሰልሳለች፤ ያኔ በመለኪያ ጨምሩ። ተቃራኒውንም አትርሱ። ለምሳ ወደ ዳር ጎትታችሁ ፀሐይ ላይ ስትተዋት በውስጧ ያለው አየር ከ20 ወደ 45 ዲግሪ ቢሞቅ ግፊቱ በ0.09 ባር ገደማ ይዘላል። ወይ ጥላ ስር አድርጓት ወይ ትንሽ አስተንፍሷት። ወደ ወንጪ የሚወጣ ደግሞ ሳይነፋ ይውጣ፤ ሐይቁ ወደ 2,900 ሜትር ስለሆነ ከዚህ የሞላችው እዚያ ትወጠራለች።

ጥያቄ (ፒያሳ)፦ ቅዳሜ ከሰዓት ደርሰን ትንሽ ዞር ብለን ፀሐይ ስትጠልቅ እንመለስ ብለናል። ይሆናል?

መልስ፦ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ይህ መጥፎው ሰዓት ነው። ጠዋት ውሃው እንደ መስታወት ነው፤ መሬቱ ሲሞቅ ንፋሱ ይነሳል፣ ከሰዓት በኋላ ላንጋኖም ጫሞም ሞገድ ያወጣሉ። ዝዋይ ደግሞ ጥልቀቱ ትንሽ ስለሆነ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ አጭር ሞገድ ነው ትንሽ ጀልባ ውስጥ ውሃ የሚጨምረው። ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ተጫወቱ፤ ለ5 ሰዓት ዳር ሁኑ። ንፋስ ባለበት መውጣት ግድ ከሆነ መጀመሪያ ወደ ንፋሱ ሂዱ፣ ሞተር እንቢ ቢል ንፋሱ ራሱ ወደ መነሻችሁ ይገፋችኋል። የእኛ ሀገር ምሽት ረጅም ማመሻሻ የለውም። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ግማሽ ሰዓት እንኳን ሳይሞላ ይጨልማል፤ የዓሣ መረብ ተንሳፋፊዎቹም ያኔ አይታዩም።

ጥያቄ (ሜክሲኮ)፦ የስድስት ዓመት ልጅ አለችኝ። የኪራይ ጀልባው ላይ ያለው ጃኬት ሁሉ የአዋቂ ነው፤ ጥብቅ አድርጌ ባስረውስ?

መልስ፦ እህቴ፣ አይሆንም። ልጅቷ ውሃ ውስጥ ስትገባ ጃኬቱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ እሷ ከሥሩ ትሾልካለች። የራሷን ከአዲስ አበባ ይዘሽ ውረጂ። ውስጡ የተጻፈው የኪሎ ልክ ከእሷ ጋር ይገጥም፤ በእግሮቿ መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ይኑረው፣ ከአንገቷ ጀርባም ራስ የሚደግፍ ትራስ። ቤት ሞክሪው፤ እጆቿን ወደ ላይ ትዘርጋ፣ አንቺ ትከሻው ላይ ያለውን ይዘሽ ሳቢ። እስከ ጆሮዋ ከወጣ ሰፊ ነው።

ለአዋቂም 50 ኒውተን (የማንሳፈፍ ጉልበቱ መለኪያ ነው) የሚል ለዋናተኛ ብቻ ነው። ዋና ለማይችል ሰው 100 ወይም 150 ይሁን፤ ፊትን ወደ ላይ ለመገልበጥ ታስቦ የተሠራው ያ ነው። ስፖንጁን በጣትሽ ጨምቂው፤ ሳይመለስ ጎድጎድ ብሎ ከቀረ ሞቷል።

ጥያቄ (አራት ኪሎ)፦ የኪራይ ጀልባ ስንት ሰው እንደሚችል ባለቤቱን ሳናምን እንዴት እናውቃለን?

መልስ፦ ርዝመቱን በወርዱ በሜትር አባዙ፣ ውጤቱን በ0.7። 5 ሜትር በ1.6 ከሆነ 8፣ በ0.7 ሲባዛ 5.6፤ አምስት ሰው፣ ነጂውን ጨምሮ። ይህ ለትንሽ ጀልባና ለረጋ ውሃ ነው። ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ ከውሃው እስከ ጠርዙ ቢያንስ ስንዝር ተኩል ካልቀረ አንድ ሰው ይውረድ። «እኛ ሁልጊዜ አሥር ነው የምንጭነው» መልስ አይደለም።

ጥያቄ (ካዛንቺስ)፦ የትኛው ሐይቅ ውስጥ መዋኘት ይቻላል?

መልስ፦ ዝዋይ፣ ሐዋሳና ጣና ቢልሃርዚያ አለባቸው። ተሸካሚው ቀንድ አውጣ ሣርና ቄጠማ ያለበትን ጥልቀት የሌለውን ዳር ይወዳል፤ ትሉ በብርሃን ሰዓት፣ በተለይ ወደ እኩለ ቀን ይለቀቃል፣ ቆዳ ለመብሳትም ደቂቃዎች ይበቁታል። ጀልባ ስትገፉ ቦት ጫማ አድርጉ፤ የረጠበውን ወዲያው በፎጣ እሹት። ከገባችሁም ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ተመርመሩ። ቀድሞ የሚወሰድ ፕራዚኳንቴል ገና ያላደገውን ትል አይገድለውም። ላንጋኖ በዚህ ረገድ የተሻለ ስም አለው። ቆቃ ላይ ውሃው አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰበት መስሎ ካያችሁት እጃችሁንም አትንከሩ፤ የዚያ አልጌ መርዝ በማፍላት አይጠፋም።

ጉማሬ ያለበት ቦታ፣ ሐዋሳንና ዝዋይን ጨምሮ፣ ቢያንስ 100 ሜትር ራቁ፤ በእሱና በጥልቁ ውሃ መካከል አትግቡ። ሲደነግጥ የሚሮጠው ወደ ጥልቁ ነው፣ እናንተን አልፎም ቢሆን።

ጥያቄ (ቦሌ)፦ ቢሾፍቱ ባቦጋያ ላይ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሞተር ይበቃኛል? ምን ያህል ያስኬደኛል? መልህቅስ?

መልስ፦ ለቢሾፍቱ ከዚህ የተሻለ የለም። ከፍታ አይነካውም፣ ድምፅ የለውም። 55 ፓውንድ የሚገፋው ሞተር ሙሉ ጉልበቱ ላይ 50 አምፔር ያህል ይበላል። 100 አምፔር ሰዓት የሚል የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ካወረዱት ዕድሜው ስለሚያጥር፣ 50 አለዎት ይበሉ፤ አንድ ሰዓት። በግማሽ ፍጥነት ወደ 15 አምፔር ስለሚወርድ ሦስት ሰዓት ያስኬዳል። የመኪና ባትሪ ለማስነሻ እንጂ ለዚህ አልተሠራም፤ ዲፕ ሳይክል የሚባለውን ይግዙ። ከፖዘቲቩ አጠገብም 60 አምፔር ፊውዝ ያስገቡ።

መልህቁን ግን ይርሱት። የመልህቅ ገመድ የጥልቀቱን ከአምስት እስከ ሰባት እጥፍ ይፈልጋል። ዝዋይ ላይ 3 ሜትር ውሃ ውስጥ 20 ሜትር ገመድ ይበቃል፤ ባቦጋያ ግን የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ነው፣ ጥልቀቱ 65 ሜትር ይደርሳል፣ ከዳሩ ትንሽ ርቀው ሳይሄዱ ገደል ነው። ጀልባዋን ዳር ላይ በገመድ ይሰሯት። መልህቅ በሚይዝበት ቦታም ገመዱን ከፊት እንጂ ከሞተሩ ጎን አይሰሩት፤ ሞገዱ በኋላ በኩል ይገባል። ከመስቀል ቀጥሎ ባለው እሁድ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ላይ ኢሬቻ ስለሚከበር ለጀልባ ሌላ ቀን ይምረጡ።

ጥያቄ (ለገሃር)፦ ከሞተሩ ጎን የምትፈሰው የውሃ ክር ቀጥናለች።

መልስ፦ አጥፋና ቀዳዳዋን በቀጭን ሽቦ ጥረጋት፤ ጭቃ ሊሆን ይችላል። ካልተስተካከለች የውሃ ፓምፑ ኢምፔለር፣ ውሃውን የሚገፋው ባለ ክንፍ ላስቲክ፣ አልቋል። በንጹህ ውሃ በየሁለት ዓመቱ የሚቀየረው፣ እንደ ላንጋኖና ዓባያ ባለ ደለላማ ውሃ በየዓመቱ ይቀየር። አዲሱን ስትገጥም ዘንጉን ወደ መዞሪያው አቅጣጫ እያዞርክ አስገባው፣ ክንፎቹ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ይታጠፉ። ያንኑ ቀን የማርሹን ዘይት ከታች ብሎን አውጣ፤ ወተት መስሎ ከወጣ በጎሚኒው፣ በዘንጉ ዙሪያ ባለው መዝጊያ ላስቲክ፣ ውሃ ገብቷል። አዲሱን ከታች ቀዳዳ ወደ ላይ ግፋው፣ ከላይኛው ቀዳዳ ሲወጣ ሞልቷል። ከላይ ብትሞላው አየር ይይዛል። እምቦጭ ውስጥ ከገባህ ደግሞ ፎሌ አድርገህ አጥፋ፣ ሞተሩን አንሳና በእጅ ልቀም። ቅጠሉን ወደ ሌላ ሐይቅ ይዘህ አትሂድ፤ ከትንሽ ቁራጭ ይራባል።

ጥያቄ (ፒያሳ)፦ ተሳቢያችን በዓመት ሁለቴ ኩሽኔታ ይበላል።

መልስ፦ ከረጅም መንገድ ቀጥታ ውሃ ውስጥ ስለምታስገቡት ነው። ጎማው መሃል ያለው ብረት ሞቆ ይደርሳል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በጎሚኒው በኩል ውሃ ይስባል። እጅ አስቀምጣችሁ እስኪችል፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁ፤ እስከዚያ ጀልባውን አዘጋጁ። ግሪሱም ውሃ የሚችለው ይሁን።

ጥያቄ (ቦሌ)፦ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ትንሿን ሞተር ባልኮኒ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል?

መልስ፦ ሞተሯን አዎ፣ ቤንዚኑን ግን አይሆንም። ሐይቁ ዳር የነዳጅ ቱቦውን ነቅለሽ ራሷ እስክትጠፋ እንድትሠራ ተያት፤ ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረ ቤንዚን በወራት ውስጥ ሙጫ ይሆናል። ከዚያ ውሃው ሁሉ እስኪንጠባጠብ ቀጥ አድርገሽ አቁሚያት። መኪና ውስጥ ስትተኛም ራሷ ከእግሯ ዝቅ አይበል፣ የቀረው ውሃ በጭስ ማውጫው በኩል ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ባለ አራት ምት ከሆነች መጽሐፉ በሚያሳየው ጎን ብቻ አስተኚያት፤ በሌላው ከተኛች ዘይቱ ወደ ሲሊንደሩ ይሄድና በሚቀጥለው ጊዜ ገመዱ አይጎተትልሽም።