የላንድ ክሩዘር ጋቢና ወንበር ስለመቀየር

ወንድሜ፣ «ከባሕር ዳር ጢስ ዓባይ ደርሼ ስመለስ ወገቤ አልቆ ነው የምወርደው፣ የፕራዶ ወንበር ልግጠምበት ወይ?» ብለሃል። ይገጠማል። እኔም የ70 ሞዴል ላንድ ክሩዘር ባለቤት ነኝና ሕመምህ ይገባኛል።

መጀመሪያ ግን ስፖንጁን እይ። ብዙ ጊዜ የሚያልቀው ወንበሩ ሳይሆን እሱ ነው። ስትቀመጥ የሥሩ ብረት ከተሰማህ ጠንከር ያለ ስፖንጅ አስቀይር። ወጪው ከሙሉ ወንበር ጋር አይወዳደርም።

መቀየሩ ካልቀረ ጣጣው እግሩ ላይ ነው። የፕራዶው ወንበር ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተትበት ሐዲድ የብሎን ቀዳዳ ከአንተ መኪና ወለል ጋር አይገጥምም። ስለዚህ መሃል የሚገባ ብረት ታሠራለህ። የእኔን የሠራው ልጅ ስስ ላሜራ በየደበት። ሁለት ወር ሳይሞላ የዘጌ ኮረኮንች ላይ ተሰነጠቀና ወንበሩ እንደ ታንኳ ይወዛወዝ ጀመር። ታንኳ ደግሞ ሐይቁ ላይ ነው የሚያምረው! ወፍራም ብረት ይሁን፤ ብሎኑም አናቱ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የተጻፈበት፤ ቁጥሩ የጥንካሬው ደረጃ ነው። የቀበቶው መቆለፊያ ከወንበሩ ጋር የታሰረ ከሆነ በግጭት ጊዜ የሰውነትህን ክብደት የሚይዘው ያ ብሎን ነው። እዚህ ላይ ሳንቲም አትቁጠር።

ከፍታውንም ለካ። ብረቱ ከመበየዱ በፊት ተቀመጥበት፣ ክላቹን እስከ መጨረሻው ርገጥ፣ ጭንቅላትህ ጣሪያ እንዳይነካ እይ። ከወንበሩ ሥር ቢጫ ሶኬት ካገኘህ የኤርባግ (በግጭት ጊዜ የሚነፋው ከረጢት) መስመር ነው፤ ባትሪ ሳትፈታ እንዳትነካው።

ለመሆኑ ቁመትህ ስንት ነው?