ስለ ክላይንት ሰርተፍኬት፦ ጥያቄና መልስ ከጅማ

እንደምን አመሻችሁ። ቃል በገባሁት መሠረት ዛሬ ማታ ስለ ክላይንት ሰርተፍኬት እመልሳለሁ። ሰርቨሩ ለኮምፒውተራችሁ ማንነቱን እንደሚያሳይ፣ ኮምፒውተራችሁም በተራው ለሰርቨሩ ማንነቱን የሚያሳይበት ማለት ነው። ቲኤልኤስ፣ ማለትም በኮምፒውተርና በሰርቨር መካከል ያለውን ግንኙነት የሚመሰጥረው ዘዴ፣ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምነሳው። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፦ የግል ቁልፍ፣ ማለትም ከሰርተፍኬቱ ጋር የሚጣመረው ሚስጥራዊ ፋይል፣ በቴሌግራም አይላክም።

ጥያቄ (ከአጂፕ)፦ ጋሼ፣ ሰርተፍኬቱን ጫንኩት፣ አይሠራም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ «አይሠራም» ብቻ ብለኸኝ ምን ልበልህ? ስክሪኑ ላይ ምን ይላል? ቃል በቃል ጽፈህ ተመለስ።

ጥያቄ (ከቆጪ)፦ ሰርተፍኬቴን የሰረቀ ሰው እኔን መስሎ መግባት ይችላል?

መልስ፦ ሰርተፍኬቱን ብቻ ከሆነ፣ አይችልም። ወሳኙ ቁልፉ ነው። ግንኙነቱ ሲጀመር ኮምፒውተርሽ እስከዚያ የተለዋወጡትን መልእክት በግል ቁልፉ ይፈርማል። ሰርቨሩ ፊርማውን ሰርተፍኬቱ ላይ ባለው ይፋዊ ቁልፍ ያረጋግጣል። የግል ቁልፉ ራሱ በመስመሩ አያልፍም። ከፓስወርድ የሚበልጠውም ለዚህ ነው። የፒ12 ፋይል ግን ሰርተፍኬቱንም የግል ቁልፉንም አንድ ላይ ነው የሚይዘው። ያንን ከነፓስወርዱ ያገኘ ሰው በአንቺ ስም ይገባል። ስለዚህ በቴሌግራም አትላኩት።

ጥያቄ (ከጅሬን መንገድ፣ የቡና ቢሮ)፦ ትናንት መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሁለት ኮምፒውተሮች የሰርቨሩ ሰርተፍኬት ጊዜው ገና ነው እያሉ አልገባም አሉ። ሰርተፍኬቱ ግን ከወጣ ሁለት ወር ሆኖታል።

መልስ፦ ይሄ ነው ጥያቄ! ሰዓቱን እዩ። የማዘርቦርዱ ባትሪ፣ ያቺ ክብ ሲአር2032፣ ስታልቅ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል። የሰርቨሩን ሰርተፍኬት የሚፈትሸው የእናንተ ኮምፒውተር ነው፤ የሚያምነውም የራሱን ሰዓት ነው። የእናንተን ሰርተፍኬት ደግሞ ሰርቨሩ በራሱ ሰዓት ይፈትሻል። ስለዚህ የሁለቱም ሰዓት ልክ መሆን አለበት።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ቢሮ ሰርተፍኬት የሚፈረምበት ላፕቶፕ ላይ ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ተሞልቶ ነበር፤ 2016 ይላል። በፈረንጆቹ 2024 ነበርን። እዚያ ላፕቶፕ ላይ ለ365 ቀን የተፈረመ ሰርተፍኬት ገና ሲወጣ ዓመታት ያለፉበት ነው። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ እንደ አዲስ ሲያወጡ ዋሉ፤ ያው ኤረር። ፋይሉን ከፍቼ «ኖት አፍተር» (የሚያበቃበት ቀን) የሚለውን መስመር አሳየኋቸው። 2017 ይላል። ዝም አሉ። የልፋታቸውን ሳስብ አንጀቴን በሉት።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው ብሎ 8፡00 የሚሞላም አለ። ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀረ ማለት ነው። ዛሬ ጠዋት የታደሰ ሰርተፍኬት ለዚያ ኮምፒውተር ገና አልተወለደም። ሰርተፍኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ዩቲሲ (የዓለም መለኪያ ሰዓት) ነው፤ እኛ 3 ሰዓት እንቀድመዋለን። የኮምፒውተሩ ዓመትም ሰዓትም በፈረንጅ ይሁን፣ ዊንዶውስ ላይ ዞኑን ናይሮቢ አድርጉት፣ ከዚያ ከኢንተርኔት ራሱ እንዲያስተካክል ተዉት። ባትሪዋንም ቀይሩ።

አባል (ከፈረንጅ አራዳ)፦ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ሰርተፍኬት ማውጣት ድካም ነው። እኛ አንድ አውጥተን ሁሉም ላይ ጭነናል፤ ምንም አልሆንንም።

አባል (ከቆጪ)፦ አንዱ ሥራ ሲለቅስ? የሁሉንም ልትቀይር ነው?

አባል (ከፈረንጅ አራዳ)፦ ቪፒኤን አለን እኮ።

አባል (ከቆጪ)፦ የእናንተ ኦፕንቪፒኤን አይደል? እሱም በዚያው ሰርተፍኬት ነው የሚገባው። አንዱን ሰው ለይተህ ማስወጣት አትችልም።

መልስ፦ የቪፒኤኑን ሌላ ቀን። እሷ ያለችው ልክ ነው። ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱ ቁልፍ፣ የራሱ ሰርተፍኬት። ሰው ሲለቅ የእሱን ብቻ ትሰርዛላችሁ፤ የተሰረዙት ዝርዝር፣ ሲአርኤሉ፣ ሰርቨሩ ላይ ይታደሳል። ኢንጂንኤክስ የተባለውን የዌብ ሰርቨር ፕሮግራም የምትጠቀሙ ሪሎድ ማድረግ አትርሱ፤ አዲሱን ዝርዝር በራሱ አያነብም። ዝርዝሩ ራሱም የማብቂያ ቀን አለው። እሱ ካለፈ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ይታገዳል።

ጥያቄ፦ ማክ ላይ እንዴት ይጫናል?

መልስ፦ ማክ አልሠራሁበትም። የምታውቁ መልሱለት።

ጥያቄ፦ ሰርተፍኬት በነፃ ከሚሰጠው ድርጅት፣ ከሌትስ ኢንክሪፕት፣ ማውጣት አይሻልም?

መልስ፦ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ድርጅቱ ለክላይንት ማረጋገጫ የሚሆን መስጠት እንደሚያቆም እ.ኤ.አ. በ2025 አስታውቋል። ደግሞስ ሰርቨራችሁ የሕዝብ ሲኤ (ለማንም ሰርተፍኬት የሚፈርም አካል) ካመነና ስም ካልፈተሸ፣ ከዚያ ሲኤ ሰርተፍኬት ያወጣ ሁሉ ይገባል። የራሳችሁን ሲኤ ሥሩ።

ጥያቄ፦ ፕሮግራሜ «ተገናኘሁ» ይላል፣ ወዲያው ደግሞ ይቋረጣል። ቲኤልኤስ 1.3 ነው።

መልስ፦ ጥሩ አይተሃል። በ1.3 ክላይንቱ ሰርተፍኬቱን ልኮ የራሱን ድርሻ ሲጨርስ የሰርቨሩን ውሳኔ አይጠብቅም። ሰርቨሩ አልቀበልም ቢል የምትሰማው በኋላ፣ ፕሮግራምህ መጀመሪያ ከሰርቨሩ ዳታ ሲያነብ ነው። «ተገናኘሁ» የሚለውን አትመነው፤ የሰርቨሩን ሎግ እይ። አንድ ጥቅምም አለው፦ በ1.2 ክላይንት ሰርተፍኬት መስመር ላይ ለሚያዳምጥ ሁሉ ይታያል፤ በ1.3 ተመስጥሮ ነው የሚሄደው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የእኔም ጊዜው ገና ነው ይላል፣ ምን ይሻላል?

መልስ፦ ከላይ አንብቢ እንጂ! ሰዓቱን እዪ።

ጥያቄ (ከአጂፕ)፦ ተመለስኩ። 400 ይላል፤ አስፈላጊው ሰርተፍኬት አልተላከም የሚል ነው።

መልስ፦ አሁን ተግባባን። ብራውዘሩ የሚያቀርበው አጥቷል። ምን ፋይል ነው የጫንከው?

አባል (ከአጂፕ)፦ የሲአርቲዋን፣ የሰርተፍኬቷን ፋይል ብቻ።

መልስ፦ ቁልፍ ከሌለው አያቀርበውም። ቁልፉስ የት አለ?

አባል (ከአጂፕ)፦ እሱም መጥቶልኛል። በቴሌግራም።

መልስ፦ እንግዲህ ያ ሰርተፍኬት ነገ ጠዋት ይሰረዝ። አዲስ ቁልፍ እዚያው ኮምፒውተርህ ላይ ፍጠርና ሲኤስአሩን (የሰርተፍኬት ማመልከቻ ፋይሉን) ብቻ ላክላቸው። እሱ ውስጥ የግል ቁልፍ የለም፤ በቴሌግራምም ቢሄድ ችግር የለውም። የሚፈርምልህ ሰው ግን ደውሎልህ የሲኤስአሩን አሻራ (የፋይሉን መለያ ኮድ) በስልክ አንብባችሁ አመሳክሩ። ፈርሞ ሲመልስልህ ያው ቁልፍ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ጫነው። እዚህ ነኝ፣ ከተያዝክ ጻፍልኝ።