የወጣት ማዕከል ሠራተኞችን ለሃይማኖቶች ውይይት ስለማሠልጠን፤ ከጅማ ልምድ በመነሣት

ሰላም ለሁላችሁም። እህታችን ያቀረቡት ጥያቄ፣ በከተማችን የወጣት ማዕከላት ለሚያገለግሉ ሙስሊም፣ ኦርቶዶክስና ፕሮቴስታንት ወጣቶች በባህሎችና በሃይማኖቶች መካከል ስለሚደረግ ውይይት የሦስት ቀን ሥልጠና ሲዘጋጅ ከምን መጀመር እንደሚገባና የሃይማኖት አባቶች ትምህርት እንዲሰጡ መጋበዝ ይሻል እንደሆነ ነው። በጅማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች እንዲህ ያሉ ሥልጠናዎችን ለዓመታት ስመራ ስለቆየሁ ካየሁት ተነሥቼ እመልሳለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ሥልጠናው የሃይማኖት ትምህርት እንዳይሆን አደራ እላለሁ። ከወጣት ሠራተኛው የሚፈለገው፣ እምነታቸው የተለያየ ወጣቶች በሚያስቆጣ ጉዳይ ላይ ሲነጋገሩ ንግግሩ ሳይቋረጥ፣ ወደ ክርክርም ሳይለወጥ እንዲዘልቅ ማድረግ ነው። ይህ ደግሞ በልምምድ እንጂ ገለጻ በመስማት አይገኝም። አብዛኛው ሥልጠናችን በመክፈቻ ንግግር ተጀምሮ ተቻችለን የኖርን ሕዝብ መሆናችንን በማወደስ ያበቃል። አብሮ መኖራችን እውነት ነው፤ በለቅሶም በሠርግም ይታያል። ነገር ግን በ2003 ዓ.ም. ቁርኣን ተዋረደ የሚል ወሬ ተነሥቶ በጅማ ዞን ባለችው በአሰንዳቦ ከተማና በአካባቢዋ ብዙ የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት የተቃጠሉትና በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የተፈናቀሉት በዚሁ አብሮ በሚኖር ሕዝብ መካከል ነው። ስለዚህ ሠልጣኙ እንዲህ ያለ ወሬ በስልኩ ሲደርሰው በመጀመሪያዋ ሰዓት ለየትኛው ኡስታዝ፣ ለየትኛው ቄስ፣ ለየትኛው ፓስተር እንደሚደውልና በማዕከሉ ላሉት ወጣቶች ምን እንደሚላቸው በጭውውት መልክ ደጋግሞ ሊለማመድ ይገባል። ከሦስቱ ቀን አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ለዚህ ቢሰጥ አይበዛም።

የመጀመሪያውን ቀን ግማሽ ሠልጣኞቹ በየእምነታቸው ተለይተው እንዲቀመጡበት ብታደርጉ እመክራለሁ። አንዳንዶች ይህ ልዩነትን ያጠናክራል ይላሉ፤ እኔ ያየሁት ግን ተቃራኒውን ነው። በየቡድናቸው ሳሉ የትኛው ጥያቄ እንደሚያማቸው፣ ሌሎቹ በሌሉበት ስለ እነርሱ ምን እንደሚናገሩና ከእነርሱ በእውነት ማወቅ የሚፈልጉት ምን እንደሆነ ይጽፋሉ። ይህን ያልሠራ ወጣት ወደ ጋራው መድረክ ሲመጣ ወይ ዝም ይላል ወይ የእምነቱ ጠበቃ ይሆናል። በጅማ ዙሪያ ባሉት ወረዳዎች ሙስሊሙ ስለሚበዛ በአዳራሹ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ፕሮቴስታንት ብቻ የሚገኙበት ጊዜ አለ፤ ቁጥሩን አመጣጥኑ፣ አንዱንም ልጅ የእምነቱ ሁሉ ቃል አቀባይ አታድርጉት። ሴቶቹም በድብልቅ ቡድን ውስጥ ከተቆጠቡ ለብቻቸው የሚነጋገሩበት ጊዜ ይሰጣቸው።

በጋራው መድረክ የሚነሡት ጉዳዮች ከኑሮ የተወሰዱ ይሁኑ፤ የድምፅ ማጉያ፣ የመቃብር ቦታ፣ በመንገድ ላይ የሚደረግ ስብከት፣ እምነት መለወጥ፣ በተለያየ እምነት ሰዎች መካከል የሚደረግ ጋብቻ። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 11 እና 27 በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም አባዝታችሁ አስቀምጡ፤ የመንግሥትና የሃይማኖት መለያየትም ሆነ የእምነት ነፃነት በግምት የሚወሩ ጉዳዮች መሆን የለባቸውም። ሠልጣኙ በሚቀናው ቋንቋ ይናገር፤ ከመካከላቸው የሚተረጉም አይጠፋም።

የምግቡን ነገር አቅልላችሁ አትዩት። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንዱ የሌላውን እርድ እንደማይበላ እያወቅን ስለዚህ ግን በግልጽ ተነጋግረን አናውቅም። ለሁሉም የጾም ምግብ ማቅረብ ቀላሉ መንገድ ነው፤ እኔ የምመርጠው ግን ምሳው እንዴት ይዘጋጅ የሚለውን ሠልጣኞቹ ራሳቸው ተወያይተው እንዲወስኑ ማድረግ ነው፤ ብዙ እውነተኛ ስሜት የሚወጣው እዚያ ላይ ነውና። ቀኑን ስትመርጡም የዓርብን ጁምዓና የጾም ወራትን አስቡ፤ በ2016 ዓ.ም. ረመዷንና ዐቢይ ጾም በአንድ ቀን እንደጀመሩ ታስታውሳላችሁ።

ከውጭ የሚመጡ የሥልጠና መመሪያዎችን በተመለከተ፣ የአውሮፓ ምክር ቤት በስትራስቡርግና በቡዳፔስት ባሉት የወጣት ማዕከሎቹ ያዳበራቸውን ዓይነት መልመጃዎች መጠቀም ይቻላል። ይሁንና ብዙዎቹ ምሳሌዎች የሚያወሩት ከሌላ አገር ስለመጣ እንግዳ ነው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ሌላው እምነት የአያቶቻችን ጎረቤት ነው። በዚህ ፈንታ ሠልጣኞቹን ወደ ጅሬን ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ውሰዷቸውና እያንዳንዱ ቤተሰቡ ጅማን አገሩ ያደረገው እንዴት እንደሆነ ይናገር። አንዱ ከጥንት የዚሁ አገር ተወላጅ ነው፤ የሌላው አያት በንግድ፣ የሌላው በቡና ለቀማ፣ የሌላው በመንግሥት ሥራ መጥተዋል። ዳውሮው፣ የሙ፣ ከፋው፣ ጉራጌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው ሲናገር የባህል ውይይቱ ያለ ገለጻ ይጀመራል።

ወደ ሃይማኖት አባቶች ስመለስ፣ መጋበዛቸውን እደግፋለሁ፤ ነገር ግን የሚመጡት ትምህርት ለመስጠት ሳይሆን በሁለተኛው ቀን ሠልጣኞቹ ያዘጋጁትን ጥያቄ ለመመለስ ይሁን። ጥያቄዎቹ ከቀኑ አስቀድመው ይድረሷቸው፤ አንዱ ስለሌላው እምነት እንዳይመልስም ተስማሙ። የእነርሱ በዚያ መገኘት ወጣቱ ወደ መስጊዱና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲመለስ ምን ስትሠራ ዋልክ ብሎ የሚጠይቀው ሰው ሥራውን እንዲያከብርለት ያደርጋል።

በመጨረሻ፣ በጀቱ ለሦስት ቀን ብቻ ከሆነ ሁለቱን ቀን አሁን ተጠቀሙበትና ሦስተኛውን ከሁለት ወር በኋላ አድርጉት። በመካከሉ እምነታቸው የተለያየ ሁለት ሁለት ሠልጣኞች በየማዕከላቸው አንድ ውይይት አብረው ይምሩ፤ የሦስተኛው ቀን አጀንዳ በዚያ ውይይት የገጠማቸው ይሁን። አበሉንም ከዚያ ቀን ጋር አያይዙት፤ አለበለዚያ የሚመለሰው ጥቂት ነው።