«ቤቱ ቀዘቀዘኝ» ወይስ «በረደኝ»?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ ባለቤቴ ያደገው ደብረ ብርሃን ነው። ጥቅምት ሲገባ በሂተር መጨቃጨቅ እንጀምራለን። እኔ «ኧረ ቤቱ ቀዘቀዘኝ» ስል፣ እሱ «ቀዘቀዘኝ አይባልም፣ በረደኝ በይ» ብሎ ያርመኛል። እዚህ የተወለደው ልጃችን ደግሞ «እኔ ቀዝቃዛ ነኝ» ይላል። ማናችን ነን ልክ? ይሄን «ፎል» የሚሉትንስ ወቅት በአማርኛ ምን እንበለው?

መልስ፦ እርስዎ ልክ ነዎት። ባለቤትዎም «በረደኝ» ይባላል ማለታቸው ትክክል ነው፤ የተሳሳቱት እርስዎን ሲያርሙ ነው። ሁለቱ ቃላት የሚሉት አንድ ነገር አይደለም።

«በረደኝ» ስንል የምናወራው ስለ ገላችን ነው። ምን እንዳበረደን አንናገርም። «ራበኝ»፣ «ጠማኝ»፣ «ደከመኝ» እንደምንለው ነው። ግሱ «እሱ» በሚል ይረባል፣ እኛ ደግሞ መጨረሻው ላይ ተቀባይ ሆነን እንንጠለጠላለን።

«ቀዘቀዘኝ» ግን ባለቤቱ ይታወቃል፤ ቤቱ ነው። (የሰዋስው ባለቤት ማለቴ ነው፣ የእርስዎን አይደለም።) ጫማ ሲለኩ «ጠበበኝ» ይሉ የለ? ጫማው በተፈጥሮው ጠባብ ነው ማለትዎ አይደለም። ለእርስዎ እግር አልሆነም ማለትዎ ነው። እህትዎ ብትለካው ልኳ ሊሆን ይችላል። «ቀሚሱ ረዘመኝ»፣ «ሻንጣው ከበደኝ»፣ «ውሃው ቀዘቀዘኝ» የሚሉት ሁሉ ከዚሁ ወገን ናቸው። የነገሩን ሁኔታ በራሳችን ልክ እንለካበታለን።

ቤታችሁ 68 ዲግሪ ፋራናይት ላይ ነው እንበል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ የወበቅ አገር ናት። ያው 68 ለአንዱ ልክ ነው፣ ሌላዋን ቀዘቀዛት። እንዲያውም ለእንዲህ ዓይነቱ ክርክር «ቀዘቀዘኝ» ከ«በረደኝ» የተሻለ ነው ባይ ነኝ። «በረደኝ» ሲሉ ጋቢ ይደረብልዎታል። «ቤቱ ቀዘቀዘኝ» ሲሉ ግን ዓይን ሁሉ ወደ ሂተሩ ይዞራል።

ይበልጥ ደስ የሚለው «ል» እና «ብ» ሲገቡ ነው። ባለቤትዎ ሻይ ቀድተው ስልክ ሲያወሩ ረሱት እንበል። ሲመለሱ «ውይ፣ ሻዩ ቀዘቀዘብኝ» ይላሉ። ልጅዎ ደግሞ የሚፋጅ ሾርባ ቀርቦለት እፍ እፍ ሲል ቆይቶ «ቀዘቀዘልኝ» ቢል፣ መብላት ሊጀምር ነው። ሻዩም ሾርባውም ያው ቀዝቅዘዋል። ለማን እንደጠቀመና ማንን እንደጎዳ የምትነግረን አንዷ ፊደል ናት። ማታ ማሞቂያውን 72 ላይ ሲያደርጉት እርስዎ «ተመስገን፣ ቤቱ ሞቀልኝ» ይላሉ። ባለቤትዎ ብርድ ልብሱን ገፍፈው «ሞቀብኝ» ይላሉ። ሁለታችሁም ትክክል ተናግራችኋል።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ባለቤትዎ በጥቅምት መስኮት ከፍተው እየተኙ «አልበረደኝም» ካሉ፣ ስለዚያች ሌሊት ነው የሚናገሩት። «አይበርደኝም» ካሉ ግን ስለ ተፈጥሯቸው ነው። ትንሽ ጉራም አለበት። እርስዎም አሁን ከሆነ «በርዶኛል»፣ ዘወትር ከሆነ «ይበርደኛል» ይበሉ። አገር ቤት እንኳ «በጥቅምት አንድ አጥንት» ይባል የለም? ብርዱን የሚፈራው የድሬ ልጅ ብቻ አይደለም።

ወደ ልጅዎ ስመጣ፣ እሱን ማረም ያስፈልጋል። «ቀዝቃዛ ሰው» የምንለው ስሜቱ የማይነቃቃውን፣ ጨዋታ የማይሞቀውን ነው። እሱ ግን የፈለገው ሹራብ ነው። ሰዋስው አያስተምሩት፤ «በረደህ?» ብለው ይጠይቁት። መልሱን ከጥያቄው ያገኘዋል። ሲሞቀውም «ሞቀኝ» ይበል፤ «ሞቅ ብሎኛል» እንዳይል ብቻ። እሱ የሚባለው ከሁለተኛው ጠርሙስ በኋላ ነው። አያቱ ሊጠይቋችሁ ከመጡ ደግሞ «በረዱ?» ሳይሆን «በረደዎት?» ብሎ መጠየቅ ይልመድ። የሚበርዳቸው ተቀባይ ሆነው ስለሆነ አክብሮቱም የሚገባው እዚያው፣ መጨረሻው ላይ ነው።

«ፎል»ን «በልግ» የሚሉ አሉ፤ አይስማማኝም። በልግ እኛ ዘንድ ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው የዝናብ ወቅት ነው። «ጸደይ»ም ያደናግራል። በከተማ ብዙ ሰው የመስከረምን አበባ ጸደይ ይለዋል፤ በቤተ ክርስቲያን የወቅት አቆጣጠር ግን ጸደይ ከበጋ ቀጥሎ፣ መጋቢት 26 ነው የሚገባው። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መጸው ይባላል። በፈረንጅ አቆጣጠር ከኦክቶበር 6 እስከ ጃንዋሪ 3 መሆኑ ነው። የእኛ መጸው አበባ ይዞ ይመጣል፣ የሜሪላንዱ ቅጠል ያራግፋል፤ ጊዜያቸው ግን አብዛኛው ይገጥማል። መጸው ይበሉት።