ለወጣት የዓይን ሐኪሞች፦ ከደም ሥሩ ጎን ያሉትን ሴሎች አትርሷቸው

ልጆቼ፣

ስኳር ዓይንን እንዴት እንደሚጎዳ ስትማሩ በብዛት የሚነገራችሁ ስለ ደም ሥር ነው። ደም ሥሩ ያፈሳል፣ ይዘጋል፣ ከዚያ በቀላሉ የሚደማ አዲስ ሥር ይበቅላል። ትክክል ነው። ግን እዚያ ላይ አትቁሙ።

በዚህ ሥራ ካረጀሁ በኋላም የሚገርመኝ የሙለር ሴል ነው። ጀርመናዊው ሃይንሪሽ ሙለር እ.ኤ.አ. በ1851 የገለጸው ነው። ሬቲናን፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን የውስጥ ሽፋን፣ ከውስጥ እስከ ውጭ ያቋርጣል፤ የነርቭ ሴሎቹን እንደ ቤት እናት ያስተዳድራል። ነርቮች መልእክት የሚለዋወጡበትን ኬሚካል፣ ግሉታሜትን፣ ሲተርፍ ያነሳል፣ ፖታሲየም ያመጣጥናል፣ ትርፍ ውሃ ያስወጣል።

ስኳር ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ ይህ ሴል ይታወካል። በስኳር በታመሙ አይጦች ላይ እንደታየው፣ ፖታሲየም የሚያልፍባቸው በሮች ቦታቸውን ይስታሉ። ሴሉም ያብጣል። ቪኢጂኤፍ የተባለውን ፕሮቲን አብዝቶ ያመነጫል፤ ያ ደግሞ ደም ሥሩን ያስፈሳል። ውሃው ማኩላ ላይ፣ ጥርት አድርጎ በሚያየው የሬቲና መሃል፣ ሲቋጠር ታማሚው «መስመሩ ተጣመመብኝ» ብሎ ይመጣል። ተመራማሪዎች የሙለር ሴል ብቻ ቪኢጂኤፍ እንዳያመርት ያደረጓቸው አይጦች፣ ስኳር ቢይዛቸውም የደም ሥራቸው መፍሰስ ቀንሷል። ለእኔ ይህ ትልቅ ማስረጃ ነው።

ፔሪሳይትም አለ፤ ቀጫጭን ደም ሥሮችን አቅፎ የሚይዝ ሴል። በስኳር በሽታ ቀድሞ ከሚሞቱት አንዱ መሆኑን ኮጋንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1961 አሳይተዋል።

ዓይን ውስጥ የምትወጉት ቤቫሲዙማብ የተባለው መድኃኒት ቪኢጂኤፍን ያስራል። የብዙ ሰው ዓይን አድኗል። የታወከውን ሴል ግን አይፈውስም፤ መርፌው የሚደጋገመውም በከፊል ለዚህ ይመስለኛል። ስለዚህ ከመርፌው ጋር ስለ ስኳሩም፣ ስለ ደም ግፊቱም ጠይቁ። «እሱ የውስጥ ደዌ ሐኪም ሥራ ነው» አትበሉ። እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመው ዲሲሲቲ የተባለው ጥናት፣ ዓይነት 1 ስኳር ኖሮባቸው ሬቲናቸው ገና ያልተነካ ሰዎች ስኳራቸውን አጥብቀው ሲቆጣጠሩ፣ የበሽታው መጀመር በ76 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል።

«ደህና አያለሁ» የሚላችሁንም ዝም ብላችሁ አትሸኙት። ብሌን የሚከፍት ጠብታ አድርጉለትና እዩት። ዓይነት 2 ከሆነ በሽታው እንደታወቀ፣ ዓይነት 1 ከሆነ ከታወቀ በ5 ዓመት ውስጥ መታየት አለበት። ስኳር እያለባት ያረገዘች ሴት ከመጣች ደግሞ ቶሎ ቶሎ ቅጠሯት፤ በእርግዝና ወቅት ጉዳቱ ሊፋጠን ይችላል።